«አኩሪ አተር ከካንሰር ያድናል» ብዬ አክስቴን ላሳጣት ነበር!

ጥፋቱ የእኔ ነውና ሳልደብቅ ልናገር።

አክስቴ የመንዝ ሰው ናት፤ የመሐል ሜዳ። አንድ ጊዜ ለክርስትና ሄጄ ሳለ ጓዳ ጠራችኝና «እስቲ ይህን ንኪልኝ» አለችኝ። ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር አለ። «አያመኝም እኮ!» ብላ ሳቀች።

እኔ የከተማዋ አዋቂ! አኩሪ አተር ካንሰርን ይከላከላል ሲባል ሰምቻለሁ። መንዝ ላይ ብርዱ ስለማይስማማው አይዘራም። አዲስ አበባ ስመለስ ዱቄቱን ገዝቼ በአውቶቡስ ላኩላት። ከገብስ በሶዋ ጋር እየበጠበጠች ስድስት ወር ጠጣች። ሐኪም ቤት ግን ዝር አላለችም። ለምን ትሂድ? መድኃኒት ልኬላት የለ!

ወሬው እንዲያው ከሜዳ አልተነሳም። አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ይመስላሉ፤ ጉልበታቸው ግን ደካማ ነው። ብዙዎቹን የጡት ካንሰሮች የሚያፋፋው ኤስትሮጅን ስለሆነ፣ ቦታውን ቀድመው ይይዙበታል ተብሎ ተስፋ ተጣለባቸው። የመንዝ ተልባም ሊግናን የሚባል ተቀራራቢ ነገር አለው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የሻንጋይ ጥናት 5 ሺህ ያህል የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሎ ነበር። አኩሪ አተር አዘውትረው በበሉት ላይ ሞቱም ሆነ የበሽታው ማገርሸት አነስ ብሎ ተገኘ። እኔ የዘለልኩት ግን ይህን ነው፦ ሴቶቹ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። አኩሪ አተሩን የበሉት ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ፈንታ አይደለም።

አክስቴን አዲስ አበባ ሳመጣት ባቄላው እንቁላል አክሎ ብብቷም ውስጥ ገብቷል። ቀዶ ሕክምናውም ኬሞውም ተደረገላት። አሁን ክኒኗን እየዋጠች ነው። «አንቺ ልጅ፣ በሶ በሶ ነው፤ ሐኪም ሐኪም ነው» ትለኛለች።

እናንተስ? አኩሪ አተሩን ብሉ፤ ለጾም ወተቱም መልካም ነው። ንጥረ ነገሩ በክኒን መልክ ሲሸጥ ግን ያለ ሐኪም አትንኩት። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው፤ ብዙዎቹም እንደ አክስቴ ዘግይተው ይመጣሉ። ጡትሽ ላይ እብጠት ካገኘሽ፣ ባያምሽም፣ በዚያው ሳምንት ተመርመሪ።

እናትሽንም ዛሬ ማታ ጠይቂያት። አፍራ ዝም ብላ ይሆናል።