የበጋ መውጫና የዝናብ መግቢያ የአየር ጠባይ በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

የእርሻ ሥራ ፍሬው የሚታየው በኅዳርና በታኅሣሥ በአውድማ ላይ ቢሆንም፥ ትርፉና ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት በጋው ገና ሳይወጣ ክረምቱም ገና ሳይገባ የአየሩ ጠባይ ይለዋወጣል፤ ሰማይ ዛሬ የሰጠውን ነገ ይከለክላል። በአሶሳና በአካባቢው ወረዳዎች ገበሬው አንድ ብርቱ ዝናብ አይቶ ዘሩን የጣለ እንደ ሆነ፥ ከዚያም በኋላ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ከጸናች፥ የበቀለው ይጠወልጋል፤ ያልበቀለውም በጉንዳንና በወፍ ይበላል። ዘር ሁለተኛ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው የዓመት ቀለቡን በዚያው አጣ ማለት ነው። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድሩና ሰፊ እርሻ የያዙ ሁሉ፥ የዚህን ጊዜ የአየር ጠባይ ከነምክንያቱ ዐውቀው ለሕዝቡ በጊዜው መምከር ይገባቸዋል።

የአገሩ አቀማመጥ

የአሶሳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ኩርሙክና ወደ ሸርቆሌ ሲወረድ መሬቱ እየዘቀጠ ይሄዳል፤ የዐባይ ወንዝ ከኢትዮጵያ በሚወጣበት በጉባ በኩልም ከፍታው እስከ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፥ በአሶሳ ያለ ሰው የሚሰማው ሙቀትና በኩርሙክ ያለ ሰው የሚሰማው ሙቀት አንድ አይደለም። ሙቀቱ የሚበረታው በየካቲት፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ በዝቅተኛው ቆላ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

በአሶሳ በዓመት የሚወርደው ዝናብ በአማካይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከሞላ ጐደል የሚወርደው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ወራት ደረቅ ነው ለማለት ይቻላል። በወሎና በባሌ ደጋ እንደሚገኘው ያለ ራሱን የቻለ የበልግ አዝመራ በዚህ አገር የለም። በበልግ ወራት የሚታየው ዝናብ የክረምቱ መንገድ ጠራጊ ነው እንጂ፥ ለብቻው እህል የሚያደርስ አይደለም። ከሌላ አገር መጥቶ በአሶሳ የሚሾም ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው።

ዝናቡ ከወዴት እንደሚመጣ

በበጋ ወራት በአገሩ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ፥ ከዐረብ አገርና ከሰሃራ በረሃ በኩል የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው። ፀሐይ መጋቢት 12 ቀን ገደማ በምድር ወገብ ላይ ትውላለች፤ ከዚያም ወደ ሰሜን እየተጓዘች ሚያዝያ 8 ቀን ገደማ በአሶሳ ላይ በእኩለ ቀን ከራስ በላይ ትሆናለች። መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በስፍራውም ከደቡብ ምዕራብ፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል፥ እርጥብ አየር ይሳባል። ደረቁና እርጥቡ ነፋስ የሚገናኙበት መስመር ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ነገር ግን ከፀሐይ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ በአሶሳ ዝናቡ የሚጸናው ፀሐይ በላዩ ካለፈች በኋላ በግንቦትና በሰኔ ነው።

ከዚህም የተነሣ ዝናቡ በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገባው ከደቡብ ወደ ሰሜን በተራ ነው። አስቀድሞ ሚዛንና ጎሬ ይዘንባል፤ ቀጥሎ ቤጊና አሶሳ፥ ከዚያም መተከል፥ በመጨረሻም መተማና ሑመራ ያገኛሉ። ሲወጣ ደግሞ ከሰሜን ጀምሮ ይወጣል። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው፤ ይኸውም በአሶሳ ያለ ሹም በሚያዝያ ወር በጎሬና በቤጊ ዝናቡ ጸንቶ እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ ወደ አገሩ የሚመጣውን በከፊል አስቀድሞ ሊገምት ይችላል። በደቡብ ሳይጸና በአሶሳ ብቻ የታየ ዝናብ ግን አላፊ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሁሉ የክረምት መግቢያ ስላለመሆኑ

ይህ የነፋሳት መስመር ወደ ሰሜን ሲወጣ ጉዞው የተስተካከለ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ ሌላ ጊዜ ወደ ኋላ ይላል። ወደ ፊት ሲመጣ ነጐድጓድና ዐውሎ ነፋስ ያለበት ብርቱ ዝናብ ይወርዳል፤ የደረሰውንም ማንጎ ከዛፉ ያረግፋል። ወደ ኋላ ሲመለስ ደረቁ ነፋስ መጥቶ መሬቱን እንደ ቀድሞው ያደርቀዋል። ገበሬውን የሚያታልለው ይህ መመላለስ ነው።

የአየር ጠባይ ሊቃውንት እውነተኛውን የዝናብ መግቢያ ከሐሰተኛው የሚለዩበት ልክ አላቸው። በሦስት ተከታታይ ቀን ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ፥ ቀጥሎም ባለው 30 ቀን ውስጥ ከ7 ወይም ከ10 ቀን የበለጠ ተከታታይ ደረቅ ጊዜ ካልገባ፥ ያን ጊዜ ዝናቡ ገባ ይባላል። 20 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 20 ሊትር፥ በአንድ ሄክታር ላይ 200,000 ሊትር ውኃ ነው። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በሚያዝያ ሐሩር ከእርጥብ መሬትና ከቅጠል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል በትነት ሊጠፋ ስለሚችል፥ ለቡቃያው ብዙ ቀን የሚያቆየው ስንቅ አይሆንም።

የዚህ ልክ ሁለተኛው ክፍል ወደ ፊት የሚመጣውን የሚመለከት ስለ ሆነ፥ በሚዘራበት ቀን ቆሞ ፈጽሞ የሚያውቀው ሰው የለም። የትንበያ አስፈላጊነት ከዚህ ላይ ነው።

የትንበያን ቃል ስለ መረዳት

በ1973 ዓ.ም. በዐዋጅ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ለበጋ፥ ለበልግና ለክረምት ትንበያ ያወጣል፤ የየወሩንና የየ10 ቀኑንም ያወጣል። የኢጋድ የአየር ጠባይ ማእከልም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪቃ አገሮችን ባለሙያዎች በጉባኤ እየሰበሰበ የወራቱን ግምት በአንድነት ያወጣል።

እነዚህ ትንበያዎች የሚነገሩበት ቃል ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጐማል። ያለፉት 30 ዓመታት ዝናብ ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ተደርድሮ በሦስት ሲከፈል፥ ዝቅተኞቹ 10 ዓመታት ከመደበኛ በታች፥ የመካከለኞቹ 10 መደበኛ፥ ከፍተኞቹ 10 ከመደበኛ በላይ ይባላሉ። ለምሳሌ ትንበያው ከመደበኛ በላይ 45፥ መደበኛ 35፥ ከመደበኛ በታች 20 ከመቶ ነው ቢል፥ ትርጓሜው እንዲህ ያለ ትንበያ ከሚነገርባቸው አምስት ዓመታት አንዱ ዝናብ የሚያንስበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ቃል ተቀብሎ «ዘንድሮ ዝናቡ የተትረፈረፈ ነው» ብሎ ለሕዝብ የሚናገር ሹም ያልተባለውን ተናገረ። ደግሞም የወራቱ ትንበያ የሚናገረው ስለ ዝናቡ ጠቅላላ ብዛት ነው እንጂ፥ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘንብ አይደለም። ስለዚህ የወራቱ ትንበያ ምን ዓይነት ዘር እንደሚዘጋጅ ለመወሰን ይረዳል፤ መቼ እንደሚዘራ ለመወሰን ግን የ10 ቀኑን ትንበያ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከሩቅ የሚመጣም ምክንያት አለ። በፓስፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ አጠገብ ያለው ውኃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ፥ ይኸውም ኤልኒኖ የሚባለው፥ የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ይህ ደርሶ፥ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈልጎታል፤ የከፋው ጉዳት የደረሰውም በምሥራቅና በሰሜን ባሉት አገሮች ነበር። ነገር ግን የዚህ ውቅያኖስ ምልክት በመጋቢትና በሚያዝያ ገና ያልጸና ስለሚሆን፥ በእነዚህ ወራት ስለ ክረምቱ የተሰማውን ወሬ በግንቦት መጨረሻ ከሚወጣው ትንበያ ጋር ዳግመኛ ማመሳከር ይገባል።

እሳትና ጐርፍ

በበጋ መውጫ ሣሩና ቀርቀሃው ደርቆ ስለሚቆይ፥ ለእርሻ ወይም ለአደን የተለኰሰ እሳት በመጋቢት ነፋስ ከባለቤቱ እጅ በቶሎ ያመልጣል። ጉዳቱም በተቃጠለው ደን ብቻ አያበቃም። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ራቁቱን ሲቀር፥ የሚያዝያው ብርቱ ዝናብ ሲወርድበት የላዩ ለም አፈር ከነዐመዱ በጐርፍ ተጠርጎ ወደ ዳቡስና ወደ ዐባይ ይገባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዐባይ ላይ ስለ ቆመ፥ ከእርሻው የታጠበው አፈር ወደ ግድቡ ሐይቅ ወርዶ ይዘቅጣል። እንግዲህ ያለጊዜው የተለኰሰ እሳት በገበሬውም በአገሩም ሀብት ላይ የሚደርስ ጥፋት ነው።

ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሊያደርጉት የሚገባ

1ኛ፤ ዘርና ማዳበሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ በየቀበሌው ጐተራ መግባት አለበት። በሰኔ የቆላው መንገድ በጭቃ ስለሚበላሽ፥ ያን ጊዜ የተላከ ዘር ከዘር ወቅት በኋላ ይደርሳል።

2ኛ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ለማረስና ለማለስለስ ይጠቅማል። ዘሩ ግን መሬቱ ተቈፍሮ እርጥበቱ ስንዝር ያህል መውረዱ ሳይታይ፥ የ10 ቀኑም ትንበያ ሳይሰማ አይጣል።

3ኛ፤ ለወረዳው ሁሉ አንድ የዘር ቀን ቈርጦ ማዘዝ አይገባም። በአሶሳና በባምባሲ ከፍታ የሚስማማው ቀን ለኩርሙክ ቆላ አይስማማም።

4ኛ፤ ዝናቡ ሲጸና ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈጀው ማሽላና በቆሎ ይቅደም፤ ዳጉሳ፥ ለውዝና ሰሊጥ በሰኔ ይከተሉ። ገበሬው ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን ከሚጥል፥ ከሦስት አንዱን እጅ አቆይቶ የዝናቡን አካሄድ ቢያይ ይሻለዋል።

5ኛ፤ የተዘራው ጠፍቶ ዳግመኛ የሚዘራ እንደ ሆነ፥ ዝናቡ በጥቅምት የሚወጣ መሆኑን በማሰብ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመረጥ። በሐምሌ ዳግመኛ የተዘራ የረጅም ጊዜ ማሽላ ፍሬ ሳይዝ በጋው ይደርስበታል። ለዚህም ጥቂት የቶሎ ደራሽ ዘር በወረዳው ጐተራ በመጠባበቂያነት ይቀመጥ።

6ኛ፤ የዝናብ መለኪያ ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይተከል፤ በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት እየተነበበ በመዝገብ ይጻፍ። የአሶሳ ጣቢያ ልኬት ለኩርሙክ ሊፈርድ አይችልም፤ በየስፍራው የተጻፈ መዝገብ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለወረዳው የራሱ መምህር ይሆናል።

7ኛ፤ ከጥር እስከ ዝናብ መግቢያ ድረስ እሳት የሚለኵስ ሰው አስቀድሞ ለጐረቤቱና ለቀበሌው ያስታውቅ፤ በእርሻውም ዙሪያ ሣሩን አጽድቶ እሳት የማይሻገርበት መንገድ ያውጣ። ነፋስ በበረታበት ቀን ግን ማንም እንዳይለኵስ ይከልከል።

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ጊዜን ጠብቆ መሥራትን ነው። ዝናብን ማዘዝ ለማንም ሹም አልተሰጠም፤ ዝናቡ በሚጸናበት ቀን በገበሬው ቤት ዘር እንዲገኝ ማድረግ ግን የሹሙ ሥራ ነው።