ከፊልሙ የተቀዳ ብርጭቆ

የዓለምን ፊልሞች ለእያንዳንዳቸው በተመረጠ ኮክቴል አጅቦ ማየት በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የታወቀ የምሽት ፕሮግራም ሆኗል። አንዳንዱ ጓደኞቹን ቤቱ ጠርቶ ያደርገዋል፤ ለዚሁ የተሠሩ ሲኒማ ቤቶችም አሉ። በቴክሳስ፣ ኦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው አላሞ ድራፍትሀውስ ስሙን ያተረፈው ፊልሙ እየታየ ለተመልካቹ እዚያው ወንበሩ ላይ ምግብና መጠጥ በማቅረብ ነው። የጥቁርና ነጭ ወንጀል ነክ ፊልሞች አዋቂው ኤዲ ሙለር ደግሞ በ2023 ፊልሞችን ከኮክቴሎች ጋር ያጣመረ መጽሐፍ አሳትሟል።

ብዙው ሰው የሚከተለው መንገድ ቀላል ነው፤ ፊልሙ የጃፓን ከሆነ ሳኬ፣ የሜክሲኮ ከሆነ ተኪላ ይቀዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያለው ጥምረት ስለ ፊልሙ አንዳች አይነግረንም። ደህና ጋባዥ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ፊልሙን ብቻውን ያየዋል፤ ማን ምን እንደጠጣ፣ ማን እንደጋበዘ፣ ብርጭቆው የተነሳው ምን በተባለበት ሰዓት እንደሆነ ልብ ይላል። መጠጡ ከዚያ ውስጥ መውጣት አለበት።

«ካሳብላንካ»ን (1942) እንመልከት። ታሪኩ የሚካሄደው ፈረንሳይ በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ፣ ሞሮኮ በቪሺ መንግሥት ሥር ሳለች፣ አብዛኛውም በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ኢቮን የምትባለው ፈረንሳዊት ከአንድ ጀርመናዊ መኮንን ጋር ትመጣና ባንኮኒው ላይ ፍሬንች 75 ይታዘዛል። ይህ ኮክቴል ጂን፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳርና ሻምፓኝ ነው፤ ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ጦር ጀርመኖችን ከደበደበበት የ75 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው። ያንን መድፍ የሚያስታውሰውን መጠጥ አሁን ጀርመናዊው በድል አድራጊነት ያዝዛል። ወዲያው አንድ ፈረንሳዊ መኮንን ጠብ ቢያነሳ ምን ይገርማል?

አልኮል የማይጠጣ እንግዳም ከዚህ ፊልም ድርሻ አለው፤ እንዲያውም የተሻለው ድርሻ የእሱ ይመስለኛል። መጨረሻው ላይ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ሬኖ ውሃ ቀድቶ ጠርሙሱን ሲያይ «ቪሺ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። ቪሺ በማዕድን ውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ለጀርመን ያደረው መንግሥት መቀመጫም እሷው ነበረች። ሬኖ ጠርሙሱን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ቅርጫቱን በእግሩ ይመታዋል። አንድ ቃል ሳይናገር ወገኑን ለየ ማለት ነው። አምቦ ውሃ የያዘ ሰው ይህን ትዕይንት ኮክቴል ከያዘው ጎረቤቱ ይበልጥ ቀርቦ ያየዋል።

ከማውቃቸው ጥምረቶች ሁሉ የምወደው ግን የ«ሶይ ኩባ» (1964) ነው፤ «እኔ ኩባ ነኝ» ማለት ነው። ሶቪየቶችና ኩባውያን በጋራ የሠሩት፣ ሚኻይል ካላቶዞቭ ያዘጋጀው፣ ሰርጌይ ኡሩሴቭስኪ የቀረጸው ፊልም ነው። በወጣበት ጊዜ በሁለቱም አገሮች ሳይወደድ ቀርቶ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተረስቶ ነበር፤ በ1990ዎቹ ማርቲን ስኮርሴዚና ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ስማቸውን አውሰውት ዳግም ለተመልካች በቃ። መጀመሪያው አካባቢ ካሜራው ከሀቫና ሆቴል ሰገነት ተነስቶ፣ አንዴም ሳይቆረጥ ወደ ታች ይወርድና በሚጠጡት ሰዎች መሐል አልፎ ዋናተኞቹን ተከትሎ ገንዳው ውስጥ ይጠልቃል። ብዙ ጋባዥ እዚህ ላይ ዳይኪሪ ያቀርባል። ትንሽ ቢታገስ ይሻለዋል።

ፊልሙ አራት ታሪክ አለው። በሁለተኛው ፔድሮ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ሸንኮራ አገዳውን ሊያጭድ ሲል ባለመሬቱ በፈረስ ይመጣና መሬቱን ለዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ እንደሸጠው ይነግረዋል። ፔድሮ ለልጆቹ ምንም አይነግራቸውም። የቀረችውን ገንዘብ ሰጥቶ ተደሰቱ ብሎ ወደ መንደር ይልካቸዋል፤ እነሱም ሄደው ኮካ ኮላ ይጠጣሉ። እሱ ብቻውን ቀርቶ አገዳውን ያቃጥላል። ኡሩሴቭስኪ ኢንፍራሬድ ፊልም ስለተጠቀመ አገዳውና ዘንባባው በረዶ የወረደባቸው መስለው ነጥተው ይታያሉ።

ለዚህ ታሪክ የሚቀዳው ሩምና ኮካ ኮላ የሚቀላቀሉበት ኩባ ሊብሬ ነው። ስሙ «ነፃ ኩባ» ማለት ሲሆን ከስፔን ጋር የተዋጉት ኩባውያን መፈክር ነበር፤ መጠጡ የመጣው ግን ስፔን ከወጣችና የአሜሪካ ወታደሮች ሀቫና ከገቡ በኋላ ነው። ሩም የሚሠራው ከሸንኮራ አገዳ ነው። ስለዚህ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አባትየው ያቃጠለውና ልጆቹ የጠጡት ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ይህን ሳያስረዱ ማቅረብ ነው ጥሩው፤ ተመልካቹ ልጆቹ ጠርሙሱን ሲያነሱ ራሱ ይደርስበታል።

አሠራሩ አያስቸግርም። ረጅም ብርጭቆ በትልልቅ በረዶ ይሞላል፤ ደቃቅ በረዶ ቶሎ ይሟሟና መጠጡን ያቀጥነዋል። ግማሽ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ የእኛ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ለዚህ ትክክለኛዋ ናት። 50 ሚሊ ሊትር ያህል ሩም፣ ከዚያ እጥፉን ወይም ከዚያ በላይ ኮካ ኮላ ጨምሮ አንዴ ብቻ ማማሰል ነው። ፊልም መሐል መቆም የለበትም የሚሉ ሰዎችን አከብራለሁ፤ ይህኛው ግን ታሪኮቹ የተለያዩ ስለሆኑ አንደኛው እንዳለቀ ቆም ብሎ መቅዳት አይጎዳውም። አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ሁለተኛውን የደገመ አራተኛውን ታሪክ በእንቅልፍ ያሳልፈዋል።

ከ«ሶይ ኩባ» ቀጥሎ ባለው ሳምንት የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ማሳየት ያምራል። እሱም በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ የባለርስት መሬት ላይ የሚለፋ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ለእሱ ኮክቴል አልቀላቅልም። ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት ምንም አላቀርብም፤ ካለቀና መብራት ከበራ በኋላ ግን ጠላና ቆሎ ይቀርባል፣ ክርክሩም እዚያው ይጀመራል።