የውኃ ኃይል በላስታ ደጋ፦ ተረትና እውነታ

ከባሕር እጅግ ርቃ በምትገኝ በላስታ ደጋ ላይ ሆኖ ስለ ማዕበል መናገር ለብዙዎች ከንቱ ነገር ይመስላቸዋል፤ ሆኖም ስለ ውኃ ኃይል በመካከላችን ለሚነገረው ስሕተት መሠረቱ፣ ኃይል በውኃው ብዛት ብቻ ይገኛል ብሎ ማመን ስለሆነ፣ ማዕበሉ ራሱ ጥሩ መምህር ይሆነናል። በ2000 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ደሴት በአይላ በተሠራው የማዕበል ጣቢያ መዘውሩን ውኃው ራሱ እየመታ ያዞረው ነበር ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ እውነታው ግን ማዕበሉ በዓለቱ ዳር ወደ ተሠራው የሲሚንቶ ጓዳ ገብቶ ከፍ ሲል በውስጡ የታፈነውን አየር እየገፋ፣ ሲመለስም መልሶ እየሳበ፣ አየሩ በሄደበትም በተመለሰበትም ጊዜ መዘውሩ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲዞር ያደርግ ነበር። ከውኃው የተፈለገው እንቅስቃሴው ነበር።

«ተከዜ የሚፈልቀው ከላስታ ተራሮች ነውና መብራቱም አስቀድሞ ለእኛ ይገባል» የሚለው አነጋገር ከፍትሕ ስሜት የመነጨ በመሆኑ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን የወንዝ ኃይል የሚፈሰው ውኃ መጠን ከሚወርድበት ከፍታ ጋር ተባዝቶ የሚገኝ እንጂ ከምንጩ አጠገብ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያገኘው፣ ወንዙ ብዙ ገባሮችን ሰብስቦ በጥልቁ ሸለቆ ውስጥ ከገሰገሰ በኋላ ስለሆነ ነው፤ ኃይሉም በመቀሌ መስመር ወደ አገሪቱ መረብ ይገባል። ለአንዲት የላስታ መንደር መብራት የሚያመጣላት እንግዲህ ወንዙ ሳይሆን ምሰሶው፣ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ነው፤ ሙግታችንም በእነርሱ ላይ ቢሆን ይበጃል።

ኤሌክትሪክ የወጣበት ውኃ ጉልበቱ ተወስዶ ለእህል አይረባም የሚሉም አሉ። መዘውሩ የሚወስደው የውኃውን አወራረድ ብቻ ነው፤ ውኃው ያው ውኃ ነው፤ የሚቀንሰውም በሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ በፀሐይ የሚተንነው ነው።

ትንሽ ጅረት አይጠቅምም የሚለው አስተሳሰብ ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ገደላማው አገራችን የተሰጠው ጸጋ የውኃ ብዛት ሳይሆን ከፍታ ነውና። በሰከንድ 100 ሊትር የሚፈስ ጅረት በቧንቧ 20 ሜትር ቢወርድ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 10 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ ይህም ለ200 ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 50 ዋት ይደርሳል፤ ልጅ በማታ ለሚያጠናበት መብራት ይበቃል። ፈተናው ክረምት የሞላው ጅረት በበጋ መመንመኑ ነው፤ ስለዚህ ጅረቱ በነሐሴ ሳይሆን በግንቦት ይለካ፤ የጎደለውንም የፀሐይ ኃይል ይሙላው።