ለማላውቀው ተመልካች

ሠርግ፣ ምርቃትና ጉርድ ፎቶ የማነሳው በዲጂታል ካሜራ ነው። ሙሽሮች ፎቷቸውን በማግስቱ በስልካቸው ማየት ይፈልጋሉ፤ ትክክልም ናቸው። ደብረ ታቦር ባለው ፎቶ ቤቴ ጓዳ ግን ሌላ ካሜራ አለኝ። ከፊቱ ሌንስ፣ ከኋላው የደበዘዘ መስታወት፣ በመካከላቸው የሚተጣጠፍ ጥቁር ቆዳ ያለው፣ ፊልሙን በጥቅል ሳይሆን አንድ አንድ ሉህ የሚጎርስ ነው። ሉሁ 4 በ5 ኢንች ነው። ድሮ ሁላችንም ከምናውቀው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል ጋር ሲተያይ ስፋቱ ወደ 15 እጥፍ ይደርሳል። ደንበኞች ሲያዩት «ይሄ እስካሁን ይሠራል?» ይሉኛል። ይሠራል። ለምን እንደምሠራበት ግን በቆመበት የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ምክንያቴን ከእኔ አስበልጦ የሚያስረዳ ታሪክ የተፈጸመው እዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ለካርታ ሥራ ሲባል ከአውሮፕላን ብዙ ሺህ ፎቶግራፎች ተነስተው ነበር። ወራሪው ከወጣ በኋላ ምስሎቹ ተረሱ። ከስንት ዘመን በኋላ አዲስ አበባ፣ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ውስጥ ተገኙ። ተመራማሪዎች በ1938 (እ.ኤ.አ.) የተነሱትን የአካባቢያችንን ምስሎች እስከ 2015 ከተገኙት ጋር አስተያይተው የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን በ77 ዓመት ውስጥ ምን እንደሆኑ በ2017 አሳተሙ። ደኖቹ በአብዛኛው በየቦታቸው ጸንተው ቆይተዋል፤ ባሕር ዛፍ ግን እየገባባቸው ነው።

አውሮፕላኑ ላይ የነበረው ሰው ይፈልግ የነበረው መንገድና ወንዝ፣ ሸለቆና መሻገሪያ ነው። ለጽድና ለወይራ ብሎ አልተነሳም። የልጅ ልጁ ሊሆን የሚችል ተመራማሪ አንድ ቀን ያንን ምስል በማጉያ እየመረመረ የዛፍ ጥላ ይለካል ብሎም አላሰበም። ፊልሙ ግን ያላሰበውንም ያዘለት። ለእኔ ፎቶግራፍን ከሁሉ ነገር የሚያስከብረው ይህ ነው፤ አንሺው የፈለገውን ብቻ ሳይሆን ሌንሱ ፊት የነበረውን ሁሉ ማስቀመጡ። ስልክ በዚህ በኩል አያረካኝም። ምስሉን ገና ሳላየው ፊትን ያለሰልሳል፣ ሰማይን ያሰማምራል፣ የሩቅ ቅጠልን አንድ አረንጓዴ ልጥፍ ያደርገዋል። ለሰላምታ የሚላክ ምስል ከሆነ ደግ ነው። ከ80 ዓመት በኋላ ያ ዛፍ ኮሶ ነበር ወይስ ብሳና ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን የሚመልሰው የለውም።

የዚህ ከተማ ሰው በመሆኔም ነገሩ ያንገበግበኛል። አፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ሆነው አገር ገዙ፤ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው እዚሁ ጋፋት ነው። በሕይወት ሳሉ የተነሱት የታወቀ ፎቶግራፍ ግን የለም። ከሞቱ በኋላ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ እንግሊዛዊ ፊታቸውን በእርሳስ ነድፏል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር በኩል ሲገባ የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች ካሜራና ኬሚካላቸውን አስጭነው አብረው መጡ። ሰናፌን አነሱ፣ መቅደላን አነሱ። የተቃጠለችው ከተማችን ከመንገዳቸው ውጭ ነበረች። በዚያው ዓመት ክረምት የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ሲደርስ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በትልቅ የብርጭቆ ነጌቲቭ አነሳችው፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ ሐዘን ከ150 ዓመት በላይ ተሻግሮ ዛሬም ፊቱ ላይ ይነበባል። የአባቱን ከተማ፣ የጋፋትን ማቅለጫ፣ በዙሪያው የነበረውን ዛፍና ቤት የሚያሳይ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ግን አይቼ አላውቅም። ያ ባዶ ቦታ መቼም አይሞላም። በእኛ ዘመን ሌላ ባዶ ቦታ እንዳይጨመር ማድረግ ግን ይቻላል።

ስለዚህ በትልቁ ካሜራ አብዝቼ የማነሳው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። እነዚህ ደኖች በዓለም የታወቁት ከላይ በተነሱ ምስሎች ነው፤ የስኮትላንዱ ኪራን ዶድስ በድሮን ያነሳቸውን ያየ ሰው በቡናማ እርሻ መካከል የተቀመጠውን ክብ አረንጓዴ አይረሳውም። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው፤ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ብዙ ደክሟል። እኔ የምጨምረው ከመሬት የሚታየውን ነው፤ ካቡን፣ ግንዱን፣ ከጥላው ሥር የበቀለውን ችግኝ፣ ወይም ችግኝ አለመኖሩን።

ለዚህ ሥራ ካሜራው የተለየ ችሎታ አለው። ተራ ካሜራ ረጅም ጽድ ለማንሳት ወደ ላይ ቀና ሲል ዛፎቹ ሁሉ ወደ ኋላ የወደቁ ይመስላሉ። በዚህኛው ግን የፊልሙ ጀርባ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሌንሱን ብቻ ከፍ አደርጋለሁ፤ ዛፉም እንደበቀለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌንሱን በትንሹ ወደ ፊት ባዘነብለው ደግሞ እግሬ ሥር ካለው የካብ ድንጋይ እስከ ጉና ተራራ ጫፍ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። የዚህን ስሌት ሥርዓት ያስያዘው ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ የተባለ የኦስትሪያ መኮንን ነው፤ በ1904 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ከአየር የተነሱ ምስሎችን መዛባት ለማቃናት ነበር። የተዛባ መስመርን ኮምፒዩተርም ያቃናል። ሲያቃና ግን ጫፍና ጫፉን እየጎተተ ነው፤ ያልነበረ ነገር ይሞላበታል። ለመዝገብ የሚሆን ሥራ ላይ ይህን አልወድም።

ከፎቶው እኩል የምወደው ካሜራው የሚያስጠብቀኝን ጊዜ ነው። መቆሚያውን ስተክል፣ ጥቁር ጨርቁን ለብሼ መስታወቱ ላይ ምስሉን ሳስተካክል ሰው ይሰበሰባል። አንድ ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ሌላው መጥቶ ቀጭ አድርጎ ይሄዳል። አንተ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። «አባቴ፣ ዛፎቹን አንድ በአንድ ልያዛቸው ብዬ ነው» አልኳቸው። ጨርቁን ገልጬ እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። ከወጡ በኋላ ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ፤ የትኛው ወይራ በመብረቅ እንደተመታ፣ የትኛው ዋንዛ ለመቅደሱ ጥገና እንደተቆረጠ፣ ባሕር ዛፉን ማን እንዳስተከለውና ለምን። ለቆርቆሮ መግዣ ነበር። ያን ሁሉ ነጌቲቩ በሚቀመጥበት ፖስታ ላይ ጽፌዋለሁ። ቀጭ አድርጌ ብሄድ ኖሮ ምስሉን እንጂ ታሪኩን አላገኝም ነበር።

ብርሃናችንን በተመለከተ ለወጣት ባለሙያዎች አንድ ነገር ልበል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ጉና ከ4,000 ያልፋል። በዚህ ከፍታ ዐይን የማያየው ጨረር ይበዛል፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ደግሞ ለሰማያዊ ስለሚያደላ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ተራራውም በጭጋግ ይዋጣል። ቢጫ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ስታደርጉ ደመናው ይለያል፣ ጉናም ይወጣል። ደን ውስጥ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 32 ስለምታጠቡት ብርሃኑ ሰከንዶችን ይጠይቃል። በዚያ መካከል ቅጠል ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይበላሻል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ማለዳ ላይ እጨርሳለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦት፣ አዝመራውም ገና አልተነሳም። ፊልሙን ማታ ቤት ውስጥ አጥበዋለሁ። ማጠቢያው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ የቧንቧችን ውኃ ከዚያ ስለሚቀዘቅዝ ከሰል ላይ ሞቅ አደርገዋለሁ። መብራት ቢጠፋ ግድ የለኝም፤ ፊልም የሚታጠበው በጨለማ ነው።

ውድ መሆኑን አልሸሽግም። ሉህ ፊልም ደብረ ታቦር አይሸጥም። እንግሊዝ አገር ኢልፎርድ፣ አሜሪካ ኮዳክ፣ ቼክ አገር ፎማ ዛሬም ያመርታሉ፤ እኛ ጋ የሚደርሰው በዘመድ ሻንጣ ነው። በአንዳንድ አየር ማረፊያዎች የገቡት አዳዲስ የፍተሻ መሣሪያዎች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ፤ ለሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ በእጅ እንዲታይለት ጠይቅ ብዬ አደራ እላለሁ። ስለዚህ አንድ ሉህ ከማጋለጤ በፊት ይህ ነገር ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሰው ያስፈልገዋል ወይ ብዬ አስባለሁ። ካላስፈለገው ዲጂታሉን አወጣለሁ።

ካስፈለገው ግን ፊልሙን የሚተካ አላገኘሁም። የኮምፒዩተር ሣጥን አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል፤ የይለፍ ቃል ይረሳል፤ ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ይጠፋል። በደንብ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ነጌቲቭ በመስኮት ብርሃን ይነበባል። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ገደማ መጻሕፍታችንን በፊልም አስቀረ። ቅጂዎቹ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት መረመሯቸው፤ ኋላም በዲጂታል ተገልብጠው በዓለም ዙሪያ ላለ አጥኚ ደረሱ። ያንን መንገድ እከተላለሁ። መጀመሪያ ፊልም፣ ከዚያ ቅጂ፤ አንድ ኅትመት ደግሞ ለደብሩ ዕቃ ቤት፣ ቀኑና የቆምኩበት ቦታ ከጀርባው ተጽፎ፣ ሌላ ሰው እዚያው ቆሞ እንዲያነሳ።

በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በነፋስ መውጫ የቆየ ፎቶ ቤት ያላችሁ ወይም ከአባታችሁ የወረሳችሁ፣ ጓዳችሁ ውስጥ በካርቶን የታጨቀ ነጌቲቭ እንዳለ አውቃለሁ። እባካችሁ ቤት ስትለውጡ አትጣሉት። ሠርገኛው ጀርባ የዛሬ 40 ዓመት የነበረው ገበያ፣ አጥር፣ ዛፍ አለ። ከላስቲክ አውጥታችሁ በወረቀት ፖስታ አኑሩት፣ ከምድጃ ጭስና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት፣ የምታስታውሱትን ስምና ዓመት ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ፖስታ ካጠራችሁ እኔ ጋ አለ።