የተኛ መኪና ዝም ብሎ አይቀሰቀስም

ዛሬ ብዙ ጊዜ ቆሞ በኖረ መኪና ውስጥ የሞተር ዘይት ለምን እንደሚወፍርና ምን መደረግ እንዳለበት አስረዳችኋለሁ። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አያቴ ግቢ ውስጥ አንድ ቮልስ አለች። ወንዱ አያቴ ካረፉ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ዶሮዋ እንኳን እንቁላል የምትጥለው የኋላ ወንበሯ ላይ ነበር። ቆራሌው ባለፈ ቁጥር «እማማ፣ ይቺን ብረት አይሸጡልኝም?» ይላል፤ አያቴ ዝም ነው። በጥር እረፍት አጎቴ ባትሪ ተውሶ መጣና ሊያስነሳት ሲል፣ ጎረቤታችን ያሉት መካኒክ «ቆይ! ቁልፉን እንዳታዞረው! መጀመሪያ ዘይቷን እንይ» አሉት።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው አሳዩን። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ተጣብቋል፤ ጠብ አይልም።

ዘይት ለምን ይወፍራል? የሠራበት ዘይት ንጹሕ አይደለም፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለበት። መኪናው ሲቆም ያ ቆሻሻ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ እርጥበት ያዥና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይት ከአየር ጋር ሲቆይም ይለወጣል፤ መጥበሻ ጠርዝ ላይ የቆየ የምግብ ዘይት እንዴት እንደሚያጣብቅ አስታውሱ። መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

ታዲያ ቢነሳ ምን ይሆናል? ፓምፑ የወፈረውን ዘይት ቶሎ መሳብ አይችልም። ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ሞተሩም ነክሶ ሊቀር ይችላል። ቮልስ ደግሞ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ያን ቀን ቁልፉ ቢዞር ኖሮ መኪናዋ ለቆራሌው ነበረች!

መካኒኩ ያደረጉት እንዲህ ነው፦

1. ሞተሩ በፀሐይ ሞቅ እስኪል ጠብቀው የማፍሰሻውን ቡሎን ፈቱ። ዘይቱ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ክፍቱን አደረ።

2. የድሮ ቮልስ እንደ ሌላ መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር ወንፊት ነው ያላት። አውጥተው በቤንዚን አጠቡት። አጎቴ «ጋሼ፣ ቤንዚኑን ሞተሩ ውስጥ ጨምረን ብናስነሳውስ?» ቢላቸው «እንዳታደርገው! ዘይቱን ያቀጥነውና ብረቱን ያስበላዋል» አሉ።

3. አራቱን ካንዴላ ፈትተው በየቀዳዳው ትንሽ ንጹሕ ዘይት ጠብ አደረጉና ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለው አዞሩት። እምቢ ቢል ኖሮ በኃይል አይታገሉትም፤ ዘይቱ ሰርጎ እስኪገባ ይጠብቃሉ።

4. ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ሞሉ። ካንዴላው እንደተፈታ በባትሪ እያዞሩ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቁ። መብራቱ ጠፋ ማለት ዘይቱ እየተገፋ ነው ማለት ነው።

5. የታንከሩንም አሮጌ ቤንዚን ለወጡ። ከዚያ ብቻ አስነሷት! ትንሽ ከሠራች በኋላ አዲሱንም ዘይት በትኩሱ አፍስሰው እንደገና ቀየሩ፤ የቀረውን ቆሻሻ አጥቦ ይወጣልና።

የዘይት ጣሳ ላይ 20ደብልዩ50 የሚል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። የመጀመሪያው ባነሰ ቁጥር በብርድ ቶሎ ይፈስሳል።

የተቃጠለውን ዘይት መሬት ላይ አልደፋነውም፤ አፈርና ውሃ ይበክላል። በጀሪካን አድርገን ወደ ጋራዥ ወሰድነው።

ሞተሩ ሲነሳ አያቴ ከማድ ቤት ወጥተው ቆሙ። «ማታ ማታ በሩ ሳይንኳኳ መምጣቱን የማውቀው በዚህ ድምፅ ነበር» አሉ። ከዚያ ዶሮዋን «እሽ! ውረጂ!» ብለው አባረሯት።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ቤታችሁ ቆሞ የኖረ መኪና፣ ጀነሬተር ወይም የውሃ ፓምፕ ካለ ከቁልፉ በፊት ዘይቱን እዩ፤ ባለሙያም ጥሩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!