የሚሰነፍጥ ቀይ ስር፦ ለገበታችን አዲስ ማባያ

በርበሬ ምላስን ያቃጥላል። ሰናፍጭ ግን አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ ዓይንን ያስለቅስና ወዲያው ይጠፋል። ልክ እንደ ሰናፍጭ የሚሰነፍጥ አንድ ሥር አለ፤ ስሙ ሆርስራዲሽ ይባላል። ረዥምና ወፍራም ነው፤ ከውጭ ቡናማ፣ ከውስጥ ነጭ ነው። የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ይህን ሥር ከተቀቀለ ቀይ ስር ጋር ቀላቅለው ማባያ ይሠራሉ። ማባያ ማለት ከዋናው ምግብ ጎን በትንሹ የሚቀርብ ማጣፈጫ ነው።

የምኖረው ቺካጎ ነው። በዚህ ከተማ ብዙ ፖላንዳውያን ስላሉ ይህ ማባያ ከሰፈሬ ሱቆች አይጠፋም። ወደ ቤቴ የገባው ግን በእናቴ ምክንያት ነው። እማዬ የደም ግፊት ስላለባት ሐኪሟ ጨው እንድትቀንስ ነገራት። ከዚያ በኋላ ወጡም ሽሮውም “ውኃ ውኃ ይላል” እያለች ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትነሳ ጀመር። “‘ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ’ ይባል የለ? እሱ ከቀረ እኔ ምን ልብላ?” ትለኝ ነበር። እየከሳች ስትሄድ ጨው ሳይበዛበት አፍ የሚከፍት ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ከየት መጣ?

ፖላንዳውያን ይህን ማባያ ችፊክዋ ይሉታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1505 እስከ 1569 የኖረው ፖላንዳዊ ጸሐፊ ሚኮዋይ ሬይ አሠራሩን ጽፎ አስቀምጧል። ዛሬም በፋሲካ ገበታቸው ላይ ከእንቁላልና ከሥጋ ጋር ይቀርባል። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ደግሞ ኽሬይን ይሉታል፤ ገፊልተ ፊሽ ከተባለው የዓሣ ምግባቸው ጋር ይበሉታል።

ለምን ይሰነፍጣል?

ሆርስራዲሽ፣ ሰናፍጭና ጎመን የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። የሆርስራዲሽ ሥር ሳይቆረጥ ብዙም አይሸትም። ሲፈቀፈቅ ግን በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና የሚሰነፍጠው ዘይት ይፈጠራል። ኮምጣጤ ሲጨመርበት ይህ ሥራ ይቆማል፤ ኃይሉም በዚያው መጠን ይቆያል። እሳት ግን ኃይሉን ያጠፋዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር አስታውሱ፦ ይህ ማባያ አይበስልም። የሚጨመረው ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

አሠራሩ

ግማሽ ኪሎ ቀይ ስር ሳትልጡ እጠቡና እስኪለሰልስ ቀቅሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ልጣችሁ ፈቅፍቁት።

ሆርስራዲሹን ልጣችሁ በደቃቁ ፈቅፍቁ። አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። መስኮት ክፈቱ፤ ከሽንኩርት የበለጠ ያስለቅሳል! ሦስት ደቂቃ ጠብቁና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩበት። በጣም እንዲሰነፍጥ ካልፈለጋችሁ ኮምጣጤውን ወዲያው ጨምሩ።

አሁን ሁለቱን ቀላቅሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይበቃዋል። ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ ጣዕሙ ተዋሕዶ ታገኙታላችሁ። ሲሰነብት መሰንፈጡ እየቀነሰ ስለሚሄድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብትጨርሱት ይሻላል።

በምን እንብላው?

*አዚፋ።* አዚፋ ከተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከሎሚና ከሰናፍጭ የሚሠራ የጾም ምግብ ነው። በሰናፍጩ ፈንታ ለሁለት ኩባያ ምስር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማባያ ጨምሩ። ምስሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እማዬ ከሁሉም የወደደችው ይህን ነው። ሎሚው፣ ቃሪያውና ማባያው ተባብረው የጨውን ቦታ ሞሉላት።

*ድንች።* የቀይ ስርና የድንች ሰላጣ የማያውቅ የሀበሻ ቤት የለም። ድንቹን ቀቅላችሁ ቁረጡ፤ ሲቀዘቅዝ ዘይትና ሦስት ማንኪያ ማባያ ጨምራችሁ አዋሕዱት። ድንቹ ሮዝ ይሆናል፤ ልጆቼ ቀለሙን አይተው ነው መብላት የጀመሩት።

*ዓሣ።* የተጠበሰ ዓሣ ዘይት ስላለው ጎምዘዝ የሚል ነገር ይወዳል። አንድ ማንኪያ ማባያ ከሎሚ ጋር በሳህኑ ጠርዝ አድርጉለት።

*አይብ ወይም እንቁላል።* ጾም ባልሆነ ቀን ለስላሳ አይብ ላይ ጣል አድርጉበት፤ አይቡ መሰንፈጡን ያበርደዋል። የተቀቀለ እንቁላልም እንዲሁ ጥሩ ነው።

*የሳምቡሳ ማጥቀሻ።* አንድ የበሰለ አቮካዶ ፍጩ፤ ሁለት ማንኪያ ማባያና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። እንግዳ ሲመጣ ይህን ከምስር ሳምቡሳ ጋር አቀርባለሁ፤ ብዙዎች ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ በዕቃው ላይ የተጻፈውን የሶዲየም መጠን አንብቡ፤ አንዳንዱ ብዙ ጨው አለው። ለጨው ተብሎ ማባያ ፈልጎ ጨው መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ጨጓራ የሚያመው ሰው ይጠንቀቅ፤ የሚሰነፍጥ ነገር ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ቀይ ስር የበላ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሽንቱ ሮዝ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከቀይ ስሩ ቀለም የመጣ ነውና አትደንግጡ።

አሁን እማዬ ማዕድ ሲቀርብ ማባያው መኖሩን አስቀድማ ትጠይቃለች። ስሙን ግን አልያዘችውም። “ያንን የፈረንጅ ሰናፍጭ አምጪልኝ” ነው የምትለኝ። እኛም ቤት ስሙ ይኸው ሆኖ ቀርቷል።