ከውሃው እስከ ትሪው፦ የባሊ ሰዎች አበላል

ባሊ የምትባል ደሴት አለች። ደሴት ማለት ዙሪያዋን በውሃ የተከበበች መሬት ናት። ባሊ የምትገኘው በሩቅ ምሥራቅ፣ በኢንዶኔዥያ አገር ውስጥ ነው። የኢንዶኔዥያ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። የባሊ ሰዎች ግን ብዙዎቹ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ናቸው።

ይህን ሩቅ አገር ለምን እናነሳለን? አበላላቸው ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል ነው።

በደሴቲቱ ምሥራቅ፣ በካራንጋሰም፣ መጊቡንግ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ድግስ ሲኖር ሰዎች ስምንት ስምንት እየሆኑ ክብ ሠርተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ለስምንቱ አንድ ትሪ ይቀርባል። ሩዙ መካከል ላይ ይከመራል። በእጃቸው ይበላሉ። ቶሎ የጠገበ ሰው ጓደኞቹ ሳይጨርሱ ብድግ አይልም፤ ነውር ነው። እኛስ ብንሆን ከገበታ ቀድሞ የሚነሳ ሰው መቼ ደስ ይለናል?

ምግባቸውን የሚያጣፍጠው ቅመም ነው። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ አንድ ላይ ይደቁሳሉ፤ እንደ እኛ ድልህ ማለት ነው። ዳክዬ በዚህ ቅመም ሞልተው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ በሩዝ ገለባ ፍም ቀብረው ለረጅም ሰዓት ያበስሉታል። እኛ ዳቦ በኮባ ጠቅልለን የለም እንዴ የምንጋግረው? በበዓል ደግሞ የአሳማ ግልገል ይጠብሳሉ። በአገራችን የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም። እነሱ ይበላሉ። የሰው ምግብ እንደ እምነቱ ነው፤ አይናቅም። ለድግስ ሥጋውን የሚከትፉት፣ ቅመሙንም የሚያዘጋጁት ወንዶች ናቸው። ይህን ደግሞ ልብ በሉ!

ግን መቋደሱ የሚጀምረው ከትሪው በፊት ነው። ከውሃው ነው የሚጀምረው። የባሊ ገበሬ ሩዝ የሚያበቅለው በተራራ ላይ እርከን እየሠራ ነው። ውሃው በቦይ ከእርከን ወደ እርከን ይወርዳል። የላይኛው ገበሬ ጠልፎ ቢያስቀረው የታችኛው ይራባል። ስለዚህ ሱባክ በሚባል ማኅበር ተደራጅተው ውሃውን በተራ ይካፈላሉ። የሚዘሩበትንም ጊዜ ተመካክረው ይወስናሉ። ሁሉም አንድ ላይ አጭደው ማሳውን ሲያሳርፉ ተባዩ የሚበላው አጥቶ ያልቃል።

በ1970ዎቹ መንግሥት አዲስ የሩዝ ዘር አመጣና ሳታቋርጡ ዝሩ አላቸው። ተራው ፈረሰ። ውሃ አጠረ፤ ተባይም በዛና ሩዙን ፈጀው። ገበሬዎቹ ያወቁትን ነገር ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። በኋላ ወደ ቀድሞው ስምምነታቸው ተመለሱ። በ2012 ዩኔስኮ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የሱባክን እርከኖች በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

የባሊ ምግብ ባሕርም ተሻግሯል። ኔዘርላንድ ኢንዶኔዥያን በቅኝ ግዛት ይዛ ነበር። ባሊን ጨርሳ የያዘችው በ1908 ነው። በዚያ ዘመን ቅኝ ገዢዎቹ የየደሴቱን ምግብ በብዙ ሳህን ያስደረድሩ ነበር። አገልጋዮች ተሰልፈው ያቀርቡላቸው ነበር። ይህን አበላል የሩዝ ገበታ አሉት። ምግቡም ድካሙም የገበሬው ነበር፤ ገበታው ግን የጌታው ነበር። ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን ያወጀችው በ1945 ነው።

ዛሬ በኔዘርላንድ ከተሞች የኢንዶኔዥያ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። ገንዘብ ያለው ሰው ከፍሎ የባሊን ቅመም ይቀምሳል። ምግቡ ይጣፍጣል። ነገር ግን እያንዳንዱ የየራሱን ሳህን ይዞ ሲበላው አንድ ነገር ይጎድለዋል። የአገራችን ልጆችም በአሜሪካም ሆነ በዓረብ አገር ሲገናኙ አንድ ትሪ እንጀራ ከበው ይበላሉ። አገራቸው የሚታወሳቸው በበርበሬው ብቻ አይደለም፤ አብሮ በመቁረሱ ጭምር ነው።

ስለዚህ ምግብ ሲቀርብልን እንጠይቅ። ማን ደከመበት? ውሃውን ማን ከማን ጋር ተካፈለው? ማን ከማን ጋር በላው? የምግብ ትርጉም ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነው።

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንወያይ
1. በቀበሌያችን የመስኖ ውሃ በምን ዓይነት ተራ ይከፈላል? ተራው ሲፈርስ ምን ይደርሳል?
2. በእኛ ገበታ ላይ ነውር የሚባሉት ነገሮች ምንድን ናቸው? ለምን?